ምርጫው የማን ነው? ኢንጂነሪንግ ልትማሩ ለተነሣችሁ

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)



ስለ ምርጫ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። አይዟችሁ፣ አትደንግጡ! የካርድና የኮሮጆው ምርጫ አይደለም። ስለዚያኛውማ ብዙ ብለናል፤ የሚሰማ ጠፋ እንጂ። ዛሬ የማወራው ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ፤ በሁለቱም ቅጹን የምትሞሉት እናንተ፣ ውጤቱን የሚያውጀው ሌላ ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው፤ የምተዳደረውም ቋሚ ደመወዝ በሌለው የጋዜጣ ሥራ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ምን ሊነግረን ነው ትሉኝ ይሆናል። በዚሁ ሥራዬ ሰበብ ብዙ ግቢ ገብቻለሁ። ከተማሪውም፣ ከመምህሩም፣ በማዕረግ ተመርቆ እናቱ ቤት ከተቀመጠውም ልጅ ጋር አውርቻለሁ። የማካፍላችሁ ከእነሱ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በየቤቱ የምሰማው አንድ ቃል ነው፤ "ልጄ አምስት ኪሎ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ!" ይገባኛል። የምሕንድስና ኮሌጁ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። የአገሪቱን መንገድና ድልድይ የሠሩ ብዙዎች ከዚያ የወጡ ናቸው፤ ስሙም የከበረው በከንቱ አይደለም። ግን ለመሆኑ ልጁ ምን ሊሆን ነው እዚያ የሚገባው? ይህን ስጠይቅ አባት "ኢንጂነር ነዋ!" ይሉኛል። ኢንጂነር ማለት እኮ የማዕረግ ስም እንጂ ሙያ አይደለም! ሲቪል ነው? ኤሌክትሪካል? ሜካኒካል? ኬሚካል? የውኃ? የጨርቃ ጨርቅ? አንዱ ከሌላው የሐኪምና የእንስሳት ሐኪም ያህል ይራራቃል።

ዋናው ወጥመድም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በሉልኝ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኗል። ዩኒቨርሲቲ ስለገባችሁ ብቻ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ገባችሁ ማለት አይደለም። ያ የሚወሰነው ቆይቶ ነው፤ በምታመጡት ነጥብና ዲፓርትመንቱ ባለው ቦታ። ነጥባቸው ሰማይ የነካ ልጆች የተሰበሰቡበት ግቢ ስትገቡ የምትወዳደሩት ከእነሱ ጋር ነው። ሶፍትዌር ብሎ ገብቶ፣ ወረፋው ገፍትሮት፣ የማይወደውን አምስት ዓመት ተምሮ የወጣ ልጅ አውቃለሁ። ያው ልጅ ሌላ ቦታ ቢሄድ ኖሮ የፈለገውን በኩራት ይማር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሙያውን ምረጡ፤ ግቢው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ያ ዲፓርትመንት እዚያ ግቢ መኖሩን፣ ካለም ስንት ልጅ እንደሚቀበል አጣሩ። በዝና ብቻ የሚመርጥ ሰው ባቡሩን አይቶ የሚሄድበትን አገር ሳይጠይቅ እንደሚሳፈር ነው።

ሙያውን ከያዛችሁ በኋላ አገራችን ውስጥ የትኛው ግቢ ለምን እንደተሠራ ተመልከቱ። አርባ ምንጭን እንውሰድ። በ1979 ዓ.ም. ሲቋቋም የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። የመስኖና የሃይድሮሊክስ ሰው መሆን የሚፈልግ ልጅ አርባ ምንጭ ሲደርሰው "ሩቅ አገር ጣሉኝ" ብሎ የሚያለቅስበት ምክንያት አይታየኝም። ባሕር ዳር ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመ ፖሊቴክኒክ ላይ የተገነባ ነው። መነሻው የእጅ ሙያ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም ከነፋብሪካው እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢም እዚያው ነው። አዳማ ጥንት የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ የነበረው ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ጋር በሳይንስና በቴክኖሎጂ ላይ ብቻ እንዲያተኩር የተለየ ነው። እነዚህ ሁለቱ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ የቆዩ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ያስፈትናል። ስለዚህ "ብሔራዊ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ በቃኝ" ብሎ መቀመጥ የለም፤ የምዝገባው ቀን እንዳያመልጣችሁ!

አሁን ወደማይወደደው ወሬ ልግባ። በ1983 ዓ.ም. በጣት የሚቆጠሩ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩን፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ45 በላይ ናቸው። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ክፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው! ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ "70 በ30" የሚባል መመሪያ መጣና ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ማን ያስተምራቸዋል? በምን መሣሪያ? ቢሮ ተቀምጦ ቁጥር የሚያበዛው ባለሥልጣን ይህን አልጠየቀም። ልጆቻችን በሺህ እየተመረቁ ሲወጡ ደግሞ "ሥራ ፈጣሪ ሁኑ" ተባሉ፤ በኮብልስቶን ንጣፍም ተደራጁ ተባሉ። ድንጋይ መጥረብ ነውር አይደለም፤ የላብ እንጀራ ነው። ነገር ግን ድንጋይ ለመጥረብ አምስት ዓመት ካልኩለስ ያስፈልጋል እንዴ? እናንተው ፍረዱ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ውስጥ ወርክሾፕ ገብቼ አይቻለሁ። ማሽኖቹ ከነላስቲካቸው ቆመዋል። ተማሪዎቹ ስለ ማሽኑ በቦርድ ላይ በሥዕል ይማራሉ፤ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ እሱም የለም። የግቢው በር ግን እንዴት ያምራል መሰላችሁ! በር አይታችሁ አትምረጡ።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? እዚያው የሚማር የ4ኛ ወይም የ5ኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ፤ በየሰፈሩ አይጠፋም። በሳምንት ስንት ቀን ቤተ ሙከራ ትገባለህ በሉት። ማሽኑን ራስህ ነክተኸዋል ወይስ ቆመህ አይተሃል? ለኢንተርንሽፕ የት ወጣህ፣ ቦታውን ማን ፈለገልህ፣ ግቢው ነው ወይስ አጎትህ? አስተማሪው በሴሚስተሩ ስንት ጊዜ ቀረ? መብራትና ውኃ እንዴት ነው? የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ ከ50 በታች ያመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ከአንተ ዲፓርትመንት ባለፈው ስንት ሰው ተፈትኖ ስንት አለፈ በሉት። የዩኒቨርሲቲውን አማካይ ሳይሆን የዲፓርትመንቱን! ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

የግል ኮሌጅ ለመግባት የምታስቡም አላችሁ። ዕውቅና የሚሰጠው በጅምላ ለድርጅቱ ስም ሳይሆን ለየትምህርት ክፍሉና ለየግቢው ነው። ገንዘብ ሳትከፍሉ ለዚያ ግቢ፣ ለዚያ የትምህርት ዓይነት የተሰጠውን ወረቀት አሳዩን በሉ፤ ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤትም አረጋግጡ። ቢቆጡ ይቆጡ።

የእናቶች ጭንቀት ሌላ ነው፤ እሱንም ልሸሸው አልችልም። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታገቱ። ወላጅ ልጄን ወዴት ልላክ ብሎ ቢጨነቅ ፈሪ የሚለው ማን ነው? ልጅን በሰላም አስተምሮ መመለስ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ይህን ደጋግመን እንጮኻለን። ጩኸቱ መልስ እስኪያገኝ ግን ከወሬ ይልቅ መረጃ ያዙ። መንገዱን ጠይቁ፤ አደጋው ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ የምታውቁት አንድ ሰው፣ አንድ ዘመድ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው ይኑር። ይህም እንደ ቤተ ሙከራው የምርጫው አካል ነው። "የእኛ ብሔር አገር አይደለም" ተብሎ ብቻ ጥሩ ትምህርት ሲጣል ግን ያሳዝነኛል፤ ያን አጥር የሠሩልን ሰዎች የራሳቸውን ልጆች የት እንደሚያስተምሩ እናውቃለን።

አንድ የምሥራች ልጨምር፤ ምሥራች ከተባለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ለአገር ውርደት ነው። የወደቀው ልጁ ብቻ አይደለም፤ 12 ዓመት ያስተማረው ሥርዓት አብሮ ወድቋል! ነገር ግን የሚያልፈው ጥቂት በመሆኑ፣ በ70 በ30 ዘመን ተጋፍተው ከገቡት ታላላቆቻችሁ ይልቅ የእናንተ የምርጫ ቅጽ ክብደት አለው። ጥሩ ውጤት ይዞ ቅጹን ለጓደኛው "እንዳንተ ሙላልኝ" ብሎ የሚሰጥ ተማሪ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ምን ይሉታል?

ቅጹን ልጁ ራሱ ይሙላ። አባት አጠገቡ ይቀመጡ፤ ይጠይቁ፤ ይከራከሩ፤ እስክሪብቶውን ግን አይቀሙ። ወጪውንም አብራችሁ አስሉ። "መንግሥት ነው የሚያስተምረው" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት የሚባል ነገር አለ፤ ልጁ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ነው። የአውቶቡሱ፣ የፎቶ ኮፒው፣ የላፕቶፑ ደግሞ ከእናንተ ኪስ ነው። ኮምፒውተር መግዛት የማይችል ቤተሰብ የኮምፒውተር ክፍሉ ማታ የሚከፈትበትን ግቢ ይፈልግ፤ ይህንንም ያንኑ የ4ኛ ዓመት ተማሪ መጠየቅ ይቻላል።

እኔ ያለኝ ይኸው ነው። ከኋላ ነጠላ የለበሱት እናት ከቅድም ጀምሮ እጃቸውን አውጥተዋል፤ እሳቸው ይጠይቁ።