የማሎርካው ባሪቶን

ዛሬ ስሙን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ፎርቱኒዮ ቦናኖቫን ላንሳላችሁ። በ1895 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ማሎርካ ደሴት፣ ፓልማ ከተማ ተወለደ። በባሪቶን፣ ማለትም በመካከለኛ የወንድ ድምፅ፣ የሚዘፍን የኦፔራ ዘፋኝ ነበር፤ ኋላ አሜሪካ ተሻግሮ የሆሊውድ ተዋናይ ሆነ።

በ1941ዱ «ሲቲዝን ኬን» ፊልም ላይ የድምፅ አስተማሪ ሆኖ ይታያል። ተማሪዋ ዜማው አልወጣ ብሏታል፤ እሱ እጁን እያወናጨፈ በንዴት ይቃጠላል፣ አይሆንላትም ይላል። ሀብታሙ ባሏ ገብቶ ቀጥል ሲለው ግን ምን ያድርግ፣ ይቀጥላል። አጭር ትዕይንት ናት፤ እኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ እሷን አስበልጣለሁ። ሙያውን የማያውቅ ሰው እንዲያ ሊመረር አይችልም።

ሆሊውድ የውጭ አነጋገሩን ሰምቶ ያሻውን አደረገው። በ1943 በአንድ ፊልም ላይ እየዘፈነ የሚውል ጣሊያናዊ ጄኔራል ሆነ፤ በ1944 «ደብል ኢንደምኒቲ» ላይ የጭነት መኪናውን ራሱ አቃጥሎ የኢንሹራንስ ገንዘብ ሊበላ የሞከረ አጭበርባሪ። ስፔናዊነቱን ማን ጠየቀው!

በ1955 «ኪስ ሚ ዴድሊ» ላይ ደግሞ ያልቀናው የኦፔራ ዘፋኝ ሆኖ መጣ። የፊልሙ መርማሪ ምስጢር ሊያወጣጣው ብሎ፣ ዘፋኙ የሚሳሳለትን የታዋቂውን የኦፔራ ዘፋኝ የካሩሶን ሸክላ እያየው ቀጭ አድርጎ ይሰብርበታል። ፊልሙን ካገኛችሁት ያን ጊዜ መርማሪውን ተዉትና የቦናኖቫን ፊት እዩልኝ።