ስለ ከተራ ውኃና ስለ አፈር ግድብ የተደረገ ንግግር



የጥምቀት ዋዜማ ከተራ መባሉ ከተረ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ መክተርም የሚወርደውን ውኃ አግዶ ማቆም ነው። ታቦቱ ወርዶ የሚያድርበት ባሕረ ጥምቀት እንዲዘጋጅ በየአጥቢያው ጎልማሳው ድንጋይ እየተሸከመ፥ ወጣቱ ጭቃ እየረገጠ ወንዙን ይከትራል። ስለዚህ የአፈር ግድብ ምን እንደ ሆነ ለምእመናን እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የከተራ ግድብ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ በዓሉ ከተፈጸመ በኋላ ውኃው ቢጥሰው የሚጐዳ ሰው የለም። ዓመት ከዓመት ቆሞ ለመጠጥ፥ ለከብትና ለአትክልት ውኃ እንዲያከማች አንድ ባለርስት ወይም አንድ ማኅበር የሚሠራው ግድብ ግን ሌላ ነው። እርሱ ባለቤት አለው፤ ከበታቹም የሚተኛ ሰው አለ።

እንዲህ ያለው ግድብ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሸለቆውን ጠባብ ቦታ መርጦ፥ የላዩን አፈር ከነሥሩ ገፎ፥ እስከ ጽኑው መሬት ድረስ ቆፍሮ፥ የሸክላ አፈር በስሱ እያነጠፉና እያራሱ መደቅደቅ ነው። ነገር ግን አፈር ምንም ቢደቀደቅ ውኃ ይሰርገዋል፤ የሠሪው ብልሃትም የሰረገው ውኃ አፈሩን ይዞ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በግድቡ እግር የሚወጣው ውኃ ጥቂትና የጠራ ሲሆን ብዙ አያስፈራም፤ የደፈረሰ እንደ ሆነ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። በግድብ ጀርባ ላይ የበቀለ ዛፍ ለዓይን ያማረ ነው፤ ሲሞት ግን ሥሩ በስብሶ ለውኃ መንገድ ይሆናል። ፍልፈልና ምስጥም ይህንኑ ያደርጋሉ። የትርፍ ውኃ መውረጃው ከጠበበ ደግሞ ውኃው በአናቱ ላይ ያልፍና የአፈሩን ግድብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቈርጠዋል። ሆኖም ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ግድቡን ከፍ በማድረግ ጨርሶ ለመውረጃው ይሰስታል፤ ግድቡ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል፥ መውረጃው ግን ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቦይ ነውና።

የዚህ ነገር ምስክር በአሜሪካ፥ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፥ በቶኮዋ ከተማ አጠገብ ይገኛል። በዚያ 57 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ፏፏቴ በታች አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ኬሊ ባርንዝ የሚባል ግድብ ቆሞ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው ግድብ የእንጨትና የድንጋይ ነበር፤ ኋላ ትምህርት ቤቱ የመብራት ኃይል እንዲያወጣለት በአፈር ሸፈነው፥ ዳግመኛም ከፍ አደረገው። ኩሬው ከግማሽ ጋሻ መሬት ያነሰ፥ የግድቡም ቁመት ከ10 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የኃይሉ ሥራ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ኩሬው ለመዝናኛ ብቻ ቀረ።

መከራውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሰው ከግድቡ ጋር ጉዳዩን ቢጨርስ ውኃው ከግድቡ ጋር ጉዳዩን አልጨረሰም፤ ሌትና ቀን ይገፋል። ቀድሞ ለመብራቱ ሲባል ወደ ግድቡ የሚወጡበት ምክንያት ነበረ፤ ሥራው ሲቀር ያ ምክንያት ቀረ። በኋለኛው ጀርባ ላይ ዛፍ አደገበት። ተዳፋቱ በአንዳንድ ቦታ ለአንድ ክንድ ቁመት አንድ ክንድ አግድመት ብቻ ያለው ቀጥ ያለ ነበር፤ ለአፈር ግድብ የሚገባው ግን ሁለት ወይም ሦስት ክንድ ነው። በ1973 ዓ.ም. በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ጀርባው ተንዶ ይታያል። ይህን የተዉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ወንጌል የሚማሩና የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። ጸሎተኞች መሆናቸው ግን የግድቡን ተዳፋት አላቀናውም።

በ1977 ዓ.ም. በኅዳር መጀመሪያ፥ እንደ ፈረንጆቹ ወር፥ ለአራት ቀን ዘነበ። በአራተኛው ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ 90 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ወረደ። በማግሥቱ፥ በኅዳር 6 ቀን እሑድ፥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ግድቡ ተናደ። ያ ዕለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር፤ በዚህ አገር ምእመናን የመድኃኔ ዓለምን በዓል ለማክበር የሚነሡበት ቀን ነው። ውኃው በፏፏቴው ላይ ወርዶ በወንዙ ዳር በተሠሩት ቀላል ቤቶች ላይ መጣ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ።

የመንግሥቱ መርማሪዎች አንድ ነጠላ ምክንያት መለየት አልቻሉም። ይልቁንም ብዙ ድካሞች ተባብረው እንደ ጣሉት፥ የናዳው መነሻም ሰርጎ የወጣው ውኃ ያላላው የኋለኛው ተዳፋት ሳይሆን እንዳልቀረ ጻፉ። እንዲህ ያሉትን ግድቦች ሁሉ እንዲመረምር መንግሥቱን የሚፈቅድ ሕግ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ምርመራው ገና አልተደረገም ነበር። ከጥፋቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ምርመራውን እንዲጀምሩ አዘዙ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 9000 የሚጠጋ ግድብ ታየ፤ ሲሶው የሚያሰጋ ሆኖ ተገኘ፤ ከሚያሰጉትም የአብዛኞቹ ጉድለት ያው የትርፍ ውኃ መውረጃው ጥበት ነበር።

የቶኮዋ ግድብ ዳግመኛ አልተሠራም። ጅረቱ በተናደው ስፍራ መካከል አልፎ ወደ ፏፏቴው ይወርዳል፤ ከሥሩም የሟቾቹ መታሰቢያ ቆሟል።