ስለ ቴስቶስቴሮን ቅባት በአባላት ስብሰባ የተደረገ ንግግር



ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የቴስቶስቴሮን ቅባት እንደ ለጋ ቅቤ ተካፍለን የምንቀባው ነገር አይደለም።

ቴስቶስቴሮን የወንድ ብቻ አይደለም፤ እኛም ሰውነታችን ያመርተዋል። ዕድሜያችን ሲገፋ መጠኑ ይቀንሳል፤ መቀነሱ ግን በራሱ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ የሕክምና ማኅበራት በጋራ ባወጡት መግለጫ መሠረት፣ ለሴት እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ የተገኘው የወር አበባዋ ቆሞ፣ የወሲብ ፍላጎቷ በመጥፋቱ ለተጨነቀች ብቻ ነው። ለድካም፣ ለድብርት ወይም ለመርሳት በቂ ማስረጃ የለም። የደም ምርመራ ቁጥር ብቻውንም «እጥረት አለብሽ» አያሰኝም።

እስቲ ሂሳቡን እናስላ። አውስትራሊያ ለሴቶች የፈቀደችው ቅባት መነሻ መጠኑ በቀን 5 ሚሊግራም ነው። ለወንዶች የተሠራው ጄል ግን በአንድ ከረጢት 50 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል፤ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ትርፉ ብጉር፣ የፊት ፀጉርና የድምፅ መጎርነን ነው፤ የጎረነነ ድምፅ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። የተቀባውን ቆዳ ሕፃን ቢነካ መድኃኒቱ ይተላለፍበታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ልትቀባው አይገባም።

የፍላጎት መጥፋት አያሳፍርም፤ ለሐኪም ይነገራል። ድካም ከበረታብን መጀመሪያ ደም ማነስ እንዳለብን እንመርመር። ሐኪም ያዘዘላት በክትትል ትቀባ፤ በ6 ወር ለውጥ ካላየች ታቁም።

ከቁጠባችን ለቅባት ከማውጣታችን በፊት ለምርመራ እናውጣ።