ለልጆቻችን የምንጽፈው ታሪክ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየዓመቱ እዚህ የምቆመው ገቢና ወጪ ለማንበብ ነው። ዛሬ ግን ኮሚቴው ስለ ታሪክ እንድናገር አዞኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሻችን ለሚያጠኑ ልጆች ስለ አገራቸው ታሪክ አጭር መጽሐፍ ለማሳተም ተስማምተን ነበር። ረቂቁ የተሰጠኝ የኅትመቱን ዋጋ እንዳሰላ ነበር። ገጽ ልቆጥር ብዬ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያስቆመኝ ቁጥር ነው። ረቂቁ ሴባስቶፖል መድፍ 70 ቶን ይመዝን ነበር ይላል። ይህን ሁላችንም ሰምተነዋል። እኔ ግን ቁጥር ሳይ ደረሰኝ የመጠየቅ ልማድ አለብኝ። ያዘጋጀችውን እህት ከየት እንዳገኘችው ብጠይቃት «ሲባል የሰማሁት ነው» አለችኝ። አብረን መጻሕፍት ስናገላብጥ 7 ቶን ያህል የሚል አገኘን። 7 ቶን 70 ኩንታል ነው፤ ምናልባት አንድ ሰው ኩንታሉን ቶን ብሎት ይሆናል። ከገበያችን እህል የሚጭነው አይሱዙ የሚይዘው 50 ኩንታል ገደማ ነው። 70 ቶን ቢሆን ኖሮ የ14 አይሱዙ ጭነት ይሆን ነበር። 7 ቶኑም ቢሆን ያስደንቃል። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በጋይንት በኩል አልፎ የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በስድስት ወር ገደማ መቅደላ ደርሷል። ለልጆቻችን ይህ ይበቃቸዋል።

ሁለተኛው ከቁጥር ይከብዳል። ረቂቁ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. መንገሣቸውን፣ አገር አንድ ለማድረግ መድከማቸውን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በመቅደላ መሞታቸውን ይናገራል። ነገር ግን በዚያው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው እንደሄዱ አይናገርም። ከዚያ በፊት ጎንደር መቃጠሏ፣ የበጌምድር ገበሬም እህሉና ከብቱ በሠራዊቱ መዘረፉ የለበትም።

በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ተከራከረ። አንዲት እናታችን «ልጅ በሚኮራበት ሰው አናሳፍረው» አሉ። ሌላዋ ደግሞ «የተዘረፈውስ ገበሬ የኛ አያት አይደለም ወይ?» አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አምስተኛ ክፍል ያለው ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ ደብረ ታቦር የነገሥታት ከተማ ከነበረች የድሮው ከተማ የት ሄደ?» አለኝ። «ጊዜ አፈረሰው» አልኩት። እያወቅሁ ነው። ከወራት በኋላ ከትልልቅ ልጆች ሰምቶ መጣና «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ያሳዘነኝ ቁጣው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስለ ጋፋት የነገርኩትንም መጠራጠር መጀመሩ ነው። መጥፎውን ስደብቅበት መልካሙንም አሳጣሁት።

ሦስተኛው እኛን ይመለከታል። በ24 ገጽ ውስጥ ስማቸው የተጠራ ሴት እቴጌ ጣይቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም «የአፄ ምኒልክ ባለቤት» ከመባል አላለፉም። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ውኃ እንዲቆረጥበት ያደረጉት እሳቸው መሆናቸው አልተጻፈም። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን የራሳቸው ግዛትና ጦር ነበራቸው፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ከሆኑት ከካሣ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ተማርከዋል። እሳቸውም የሉም። ለዘማቹ እህል የፈጨችው፣ ስንቅ የተሸከመችው ሴትማ ጭራሽ አልተነሣችም። የሴቶች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሐፍ ይህ ከጎደለ ማን ይሞላዋል?

ይህን ሥራ እኛ አልጀመርነውም። ከይፋግ አካባቢ የወጡት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ በስዊድን ሚሲዮን ተምረው፣ እዚያው አስተምረው፣ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ታትሞ፣ ኋላም እየተደጋገመ ታትሞ፣ ብዙ ሰው አንብቦታል። ስለ ጥንት ዘመን ከጻፉት ውስጥ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት የማይቀበሉት አለ። ይህ ክብራቸውን አይቀንሰውም። ሊቅ የጻፈው ከታረመ የእኛማ እንዴት አይታረም?

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር ወስኗል። አንደኛ፣ ከየት እንደተገኘ ያላወቅነው ቁጥርና ዓመተ ምሕረት አይገባም። ሁለተኛ፣ የጋፋቱ ሥራና የከተማይቱ ቃጠሎ በአንድ ምዕራፍ፣ ልጅ በሚገባው ቃል ይጻፋሉ። ሦስተኛ፣ ስለ ሴቶች ራሱን የቻለ ክፍል ይኖራል። እናቶች ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ንገሩን፤ ከመጽሐፍ ከተገኘው ለይተን «ሲነገር የሰማነው» ብለን እናስቀምጠዋለን።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። መጽሐፉ ከ24 ወደ 32 ገጽ ያድጋል፤ ወጪውም ይጨምራል። ደጋፊዎቻችን፣ ለዚህ ትምህርት ዓመት ቃል የገባንላችሁ መጽሐፍ የሚደርሰው በሚቀጥለው መስከረም ነው። መዘግየቱን ያመጣሁት እኔ ነኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልተጣራ ሒሳብ ግን ፈርሜ አላውቅም።

ረቂቁ ቢሮአችን ውስጥ አለ። ማንበብ የማትችል እናት ልጇ ያንብብላት፤ ስሕተት ያገኘ ሁሉ ይንገረን። የእኔ ልጅ የመጀመሪያው አንባቢ ልሁን ብሎ እየጠበቀ ነው።