የቃራሚዎቹ ሥዕልና የአዳራሻችን ግድግዳ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከትምህርት ክፍል የቀረበ ንግግር)



የቁጠባው ሒሳብ ከቡና በኋላ ይቀርባል። እኛ የትምህርት ክፍሉ ሦስት ሴቶች እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ሥዕል ነው። «ሥዕል ደግሞ ምን ያደርግልናል?» ያለች እህት አለች፤ ትንሽ ትታገሠን።

ነገሩ የተነሣው ከዚህ ከፊታችን ካለው ባዶ ግድግዳ ነው። እንደምታስታውሱት፣ ሥዕል የተማረው የአባላችን ልጅ በነፃ ልሥልላችሁ ብሎ ንድፍ አምጥቶልን ነበር። ገበሬው ጥንድ በሬውን ጠምዶ ያርሳል፤ ሚስቱ ምሳ በአገልግል ይዛ ከማሳው ዳር ቆማለች። ያምራል፤ አጨበጨብንለትም። ታዲያ አንዲት እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው አዩና «እኔ የት አለሁ?» አሉ። ምሳ ያመጣችውን ሴት አሳየናቸው። «እሷማ ምሳውን ሰጥታ ልትመለስ ነው። እኔ የምመለሰው ጀንበር ጠልቃ ነበር» አሉን።

ልጁ አልተቀየመም። በሌላ አገር የእርሻ ሥራ እንዴት እንደተሣለ ከስልኩ ያሳየን ጀመር። ከሁሉም አንዱ ዐይናችንን ያዘው፤ በቀለም አሳትመን አምጥተነዋል፣ አሁን በእጃችሁ የሚዞረው እሱ ነው። «ቃራሚዎቹ» ይባላል። ፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረው ካሚል ፒሳሮ እ.ኤ.አ. በ1889 የሣለው ሲሆን ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እናታችን ወረቀቱን እንዳዩት ማንም ሳያስረዳቸው «ይኼ እኮ ቃርሚያ ነው!» አሉ።

ቃርሚያን ከተማ ለተወለዱት ልጆቻችን እናስረዳ። አዝመራው ታጭዶ ነዶው ከተነሣ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ዛላ አንድ በአንድ መልቀም ነው። የጠፍ አገር ሰው፣ ባል የሞተባት፣ መሬት የሌላት ሴት የምትሠራው ነው። ሩትም በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው እንዲሁ ነበር። በፈረንሳይም ድሆች ከአጨዳ በኋላ እንዲቃርሙ ይፈቀድላቸው ነበር። ከፒሳሮ በፊት ሚሌ የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1857 ሦስት ሴቶች ሲቃርሙ ሥሏል። በሩቁ የባለጸጋው ክምር ተቆልሏል፣ በፈረስ የተቀመጠ ተቆጣጣሪም ይታያል፤ ሴቶቹ ግን ከፊት ናቸው፣ ትልልቅ ሆነው።

ፒሳሮ «ኢምፕሬሽኒስት» ከሚባሉት ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ1874 እስከ 1886 ካሳያቸው ስምንት ዐውደ ርእዮች አንዱም ያልቀረበት እሱ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ደጅ ወጥተው ብርሃኑን እንዳለ ለመያዝ ይሞክሩ ነበር፤ ጥላን እንኳ በጥቁር ሳይሆን በሰማያዊና በወይን ጠጅ ይሠሩታል። ይህኛውን ሥዕል የሠራው ደግሞ በጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ቀለሙ እንደ ተበተነ እህል ነው፤ ራቅ ስትሉ ማሳ ይሆናል።

ስለ ሚስቱ ስለ ዡሊ ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። የገበሬ ልጅ ናት፤ በእናቱ ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የተዋወቁት። ሥዕሉ አልሸጥ ሲል አትክልት እየተከለች፣ ዶሮ እያረባች ልጆቿን አሳደገች። ኤራኚ በሚባለው መንደር የተከራዩት ቤት ሊሸጥ ሲሆንም ለሠዓሊው ለሞኔ ብድር ልትጠይቅ የሄደችው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1892 ቤቱን ገዙት። እዚህ ብትኖር ኖሮ የብድር ኮሚቴ እናደርጋት ነበር።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ውስጥ የተሰቀሉትን ሥዕሎች አይታችኋል። ወንዱ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ በሬ ያበራያል፤ ሴቷ እንስራ ተሸክማለች፣ ቡና ታፈላለች። ሐሰት አይደለም፤ ቡናውን ማን አፈላውና! ግን ጤፉን ከነሐሴ ጀምሮ ጎንበስ ብሎ ያረመው ማነው? አውድማውን በእበት የለቀለቀው፣ እህሉን በሰፌድ ያነፈሰው፣ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ያስቀመጠው ማነው? አብዛኞቻችን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከመንዝ መጥተናል። ጥቂቶቻችን ደግሞ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት በአራብሳና በአባዶ በኩል ጤፍና ስንዴ ያረምን ነን፤ ለሚ ኩራ ገና በ2013 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ሳይባል።

«ሴት አታርስም» የሚለው ነገር ግድግዳ ላይ ብቻ አይቀርም። ባሏ የሞተባት ሴት ሞፈር አትጨብጥም ስለተባለ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ አርማና አጭዳ እንኳ የምርቷ ግማሽ ይሄዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲሆን አዝዞ ነበር። በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፋል። አንዲት አባላችን ከጎጃም ያመጣችውን ደብተር አሳይታናለች፤ ጥግ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ፎቶግራፍ ባሏ መሬቱን ብቻውን እንዳያከራየው እንዳደረገች ነግራናለች። ሌላዋ እህታችን እንዲህ አልቀናትም። እዚሁ አካባቢ መሬታቸው ለግንባታ ሲወሰድ፣ ስሙን የማንጠራው መሥሪያ ቤት ፎርም ላይ ሥራዋ «የቤት እመቤት» ተብሎ ተሞላ። «ሃያ ዓመት ያረምኩት ጤፍ ቤት ውስጥ ነበር የበቀለው?» ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው ሳቀ፤ ፎርሙ ግን አልተለወጠም። ካሣው በባሏ ስም ወጣ፤ በኋላ ሲፋቱ ድርሻዋን ለማግኘት ፍርድ ቤት መመላለስ ነበረባት።

ስለዚህ ከትምህርት ክፍሉ የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በሬዎቹ ይቆዩ፤ ወንዶቹንም አናባርርም፣ አባቶቻችን ናቸው። ነገር ግን ከፊት የሚታዩት የሚያርሙና የሚቃርሙ ሴቶች ይሁኑ። አገልግሏ ግን ክርክር አስነሥታለች፤ ግማሾቻችን ትውጣ ስንል ግማሾቻችን ምሳ ማድረስም ሥራ ነው ብለን ይዘናል። ዛሬ እጅ አውጥታችሁ ትወስናላችሁ።

ልጁ ያስቸገረው የእጅ አያያዙ ነው። ዛላው በየትኛው እጅ እንደሚለቀም፣ በየትኛው እንደሚታቀፍ ከተማ ያደገ ልጅ ከየት ያውቀዋል? እናታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ግቢ ጎንበስ ብለው ሊያሳዩት ፈቅደዋል፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ብዙ አናስቆማቸውም። ስንዴ ከነአገዳው የሚገኝበትን የምታውቅ እህት ካለች አንድ እቅፍ ይዛልን ትምጣ።