የገበያ ጫጩት ለታቃፊ ዶሮ

የሐበሻ ዶሮ አሥር፣ አሥራ አምስት እንቁላል ትጥልና ታቆማለች። ከዚያ ጎጆዋ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትጮኻለች፣ እጅ ትነክሳለች፤ ለመብልና ለውኃ እንኳ ብድግ የምትለው በቀን አንዴ ያህል ነው። እንቁላል ሸጦ ጨውና ሳሙና ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በየገጠሩ መታቀፏን ለማስተው የማይሞከር ነገር የለም፦ አንዱ ውኃ ውስጥ ይነክራታል፣ ሌላው እግሯን አስሮ ቁልቁል ይሰቅላታል፣ የገዛ ላባዋን በአፍንጫዋ የሚሰካባትም አለ።

ያሳዝናል። ምክንያቱም ይህች ዶሮ ሌላው በገንዘብ የሚገዛውን ሙቀት በነጻ ይዛ ተቀምጣለች።

ከመፈልፈያ ማሽን የወጣ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ሌሊት ይህን በአምፖል ማዳረስ ቀላል አይደለም። መብራት ከሄደ ደግሞ ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ እርስ በርስ ይደራረቡና ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ግን 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ስትታቀፍ የደረቷ ላባ ስለሚሳሳ ጫጩቱ ከቆዳዋ ጋር ገጥሞ ይሞቃል።

ታዲያ ከገበያ የተገዛ፣ ያልፈለፈለችውን ጫጩት ትቀበላለች ወይ? ትቀበላለች፤ ጊዜው ከተጠበቀላት።

ያኮብ ፎን ኡክስኩል የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙከራ ገልጿል። እግሩ የታሰረ ጫጩት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲጮኽ እናቲቱ ባታየውም ላባዋን ነፍታ ወደ ድምፁ ትሮጣለች። ያው ጫጩት የመስታወት ክዳን ተደፍቶበት ፊት ለፊቷ ሲንፈራገጥ ግን ድምፁ ስለማይሰማት ዞር ብላ አታየውም። ዶሮ ለጫጩት ጥሪ ስትደርስ ጆሮዋ ከዓይኗ ይቀድማል ማለት ነው። ጫጩት በጨለማ ማስገባት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፦ ዓይኗ በጨለማ ደካማ ነው፤ የምታውቀው ከሥሯ የሚሰማውን ጭውጭውታና በደረቷ የሚነካትን ትንሽ ገላ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋ ሦስት ሳምንት ገደማ ትቆያለች። መፈልፈያ ጊዜዋ 21 ቀን ነውና ሰውነቷም ለእናትነት የሚዘጋጀው በዚያው ልክ ነው፤ ትናንት የተቀመጠችን ዶሮ መሞከር ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ጫጩቶቹ ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ይሁኑ። በዚያ ዕድሜ ሆዳቸው ውስጥ የቀረው አስኳል ስለሚመግባቸው፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ተጭነው ከቢሾፍቱ የጫጩት መፈልፈያዎች ወደ ሩቅ ከተማ ቢሄዱም ይደርሳሉ። ሲመሽ አንድ ጫጩት በመዳፍ ሸፍኖ ከክንፏ ሥር ማስገባት፣ በዚያው እጅ አንድ እንቁላል ማውጣት። ከዚያ ማዳመጥ ነው። ዶሮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ካንጎራጎረች ወደ ሌሎቹ ይታለፋል። ቁጥሩ ክንፏ ከሚሸፍነው አይብለጥ፤ ለትንሿ የሐበሻ ዶሮ አሥር ገደማ በቂ ነው።

ጎህ ሲቀድ አጠገቧ መገኘት የግድ ነው። ቀስ ብላ ብትነካካቸው ችግር የለውም። ጭንቅላታቸውን አጥብቃ ከነከሰች ግን ወዲያው ይነሱ፤ የሚሞቁበት ሌላ ቦታም አስቀድሞ ይዘጋጅ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በየሰፈሩ የሚሸጡት አብዛኞቹ ዶሮዎች አርባ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ያደጉ ናቸው፤ እነዚህ እናት አያስፈልጋቸውም፣ ታቃፊዋም እንደ ባዕድ ትደበድባቸዋለች። በአምፖል ሥር ሳምንት የቆየ ጫጩትም የእናት ጥሪ ስለማያውቅ ሲጠሩት አይመጣም። የራሷን ፈልፍላ ቀናት ላሳለፈችም መልኩ የተለየ ጫጩት መጨመር አደጋ ነው።

ከተቀበለቻቸው በኋላ ሥራውን እሷ ትሠራዋለች። መሬት ጭራ፣ ጥሬ አንስታ ጥላ፣ ቶሎ ቶሎ እየጠራች መብል ታሳያቸዋለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብም አስጠንቅቃ ትደብቃቸዋለች። ከባለቤቱ የሚፈለገው ጥልቀት የሌለው የውኃ ዕቃና የጫጩት መኖ ነው። እናቲቱም ያንኑ ትብላ፤ ለእንቁላል ጣይ የሚዘጋጀው መኖ ካልሲየም ስለሚበዛበት የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል።

በሽታው ግን አይዘንጋ። ጤነኛ የምትመስል የጓሮ ዶሮ ቅማልና ኮክሲዲያ የተባለውን የአንጀት ተውሳክ ልትይዝ ትችላለች፤ ፈንግል ከገባ ደግሞ መንጋውን ይጨርሳል። ዶሮዋ ጫጩት ከመቀበሏ ከሳምንታት በፊት ትከተብ፣ ላባዋም ሥር ተገልጦ ይታይ።

ጫጩት ለመግዛት ያሰባችሁ አድማጮች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ስንት ቀናቸው ነው? ምን ምን ክትባት ወስደዋል? መልሱን በቅጡ የማይነግራችሁን ሻጭ እለፉት። ቤታችሁ የተቀመጠችውንም ታቃፊ አትንከሯት፣ አትስቀሏት፤ የተቀመጠችበትን ቀን ብቻ መዝግቡላት።