ትንሹ በግራ፣ ትልቁ በቀኝ፤ ስለ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና ስለ ሰው አእምሮ



የኤሌክትሪክ መለኪያ ስንሠራ ዜሮውን በግራ፣ ከፍተኛውን ልክ በቀኝ እናደርጋለን። የመብራት ማደብዘዣውም ወደ ቀኝ ሲዞር ብርሃኑ ይደምቃል። ይህን ሥርዐት ያለ ክርክር ስለተቀበልነው የተፈጥሮ ሕግ ይመስለናል። ለመሆኑ ሥርዐቱ የሚገኘው በመሣሪያው ላይ ነው ወይስ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ?

እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ዴሃን ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተሳታፊዎች አንድ ቁጥር ተጋማሽ ወይም ጎዶሎ መሆኑን በሁለት ቁልፎች እንዲለዩ ተደረገ። የቁጥሩ ትልቅነት ለመልሱ አያስፈልግም ነበር፤ ይሁን እንጂ ለትናንሾቹ ቁጥሮች የግራ እጅ፣ ለትላልቆቹ ደግሞ የቀኝ እጅ ፈጥኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በብርሃን ድምቀትና በግራ ቀኝ መካከልም እንዲህ ያለ ዝምድና በቤተ ሙከራ ተስተውሏል። አእምሮ ብዛትንም ድምቀትንም በቦታ ይደረድራል ማለት ነው።

የዚህ ምንጩ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነቡ ካናዳውያን ትንሹን ቁጥር ከግራ ጋር አዛመዱ። ቃልንም ቁጥርንም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡ ፍልስጥኤማውያን በተቃራኒው ሆኑ። ቃልን ከቀኝ፣ ቁጥርን ከግራ የሚጀምሩት እስራኤላውያን ግን ወደ አንዱም አላዘነበሉም። ነገር ግን ንባብ ብቻውን ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በታተመ፣ በኢጣልያ በተደረገ ሙከራ፣ 5 ምልክቶችን የለመዱ የ3 ቀን ጫጩቶች 2 ሲያዩ ወደ ግራ፣ 8 ሲያዩ ወደ ቀኝ አዘነበሉ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚጠቅመን ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. የታተመው ነው። ቁጥሮቹ በማስመሪያ ላይ እንዳሉ ሲታሰቡ ትንሹ በግራ ሆነ፤ በሰዓት ገጽ ላይ እንዳሉ ሲታሰቡ ግን ትንሹ በቀኝ ሆነ። በውጭ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት የያዘ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ከጧቱ 1 ሰዓት ነው የሚለው፣ አጭሩ ዘንግ በግራ በኩል 7 ላይ ሲያርፍ ነው። እንግዲህ ዝንባሌው በተፈጥሮ ቢጀምርም መሣሪያ ይገለብጠዋል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። የውሃም ሆነ የእንፋሎት መዝጊያ ወደ ቀኝ ሲዞር ፍሰቱ ይቀንሳል፤ የብርሃንና የድምፅ መቆጣጠሪያ ወደ ቀኝ ሲዞር ግን ይጨምራል። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ስንተክል አንዱን እጅ ለሁለት ተቃራኒ ልማዶች እናስገዛዋለን። በቤተ ሙከራ የታየው ልዩነት በሺህኛ ሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ ብቻውን አደጋ ያመጣል አልልም። ዳሩ ግን የማስጠንቀቂያው ደወል በሚጮኽበት ጊዜ ሠራተኛው የሚያደርገው ያሰበውን ሳይሆን እጁ የለመደውን ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በአንድ ሰሌዳ ላይ የ«ጨምር» አቅጣጫ አንድ ይሁን። ይህ በማይቻልበት ስፍራ የመያዣው ቅርጽ ይለይ፤ ቀስትና ጽሑፍም ይጨመርበት። ከሁሉም በላይ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት በሰሌዳው የሚሠራው ሰው ራሱ ይሞክረው፤ ግራና ቀኙ ለእርሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው እጁ ነውና።